የአንዲት ፈዛዛ መስመር ትርጉም፦ የቢልሃርዚያ የሽንት ምርመራና የትሉ ስኳር በሂሳዊ ዓይን ሲታዩ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ስሠራ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ታካሚዎች ተመሳሳይ የምርመራ ውጤት ይዘው ከፊቴ ቀረቡ። አንደኛው በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ መንደሮች በአንዱ የሚኖር የ11 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ሆዱን በተደጋጋሚ እንደሚያመውና አልፎ አልፎም ከዓይነ ምድሩ ጋር ደም እንደሚታይ እናቱ ነገረችኝ። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቹ ጋር በመስኖ ቦይ ውስጥ ይዋኛል። በሦስት የተለያዩ ቀናት የተወሰደው የዓይነ ምድር ናሙና በካቶ-ካትዝ ዘዴ ተዘጋጅቶ ቢታይም እንቁላል አልተገኘበትም። ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ መጥታ ዘመዶቿ ዘንድ ያረፈች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሽንቷን ስትሸና ያቃጥላታል፤ ወገቧንም ያማታል። ከአሥር ቀን በፊት ከቤተሰቧ ጋር ሶደሬ ሄዳ በፍል ውሃው መዋኛ ገብታ ነበር።

ከአንድ የመስክ ጥናት የተረፉ ጥቂት የቢልሃርዚያ የሽንት መመርመሪያ ካሴቶች በእጃችን ስለነበሩ ለሁለቱም ተጠቀምንባቸው። በሁለቱም ካሴቶች ላይ፣ ከመቆጣጠሪያው መስመር ጎን፣ አተኩረው ካላዩዋት የማትታይ ፈዛዛ መስመር ወጣች። ለሁለቱም «ቢልሃርዚያ ነው» አልኩ። የልጁ እናት፣ «ዶክተር፣ ሰገራው ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም የለም ከተባለ ሽንቱ ላይ ከየት መጣ?» ስትል ጠየቀችኝ። አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ፣ «ሶደሬ ነው እንዴ ያስያዘኝ?» አለችኝ። «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ መለስኩላት። በአራተኛው ቀን በብርድ ብርድና በከፍተኛ ትኩሳት ተመልሳ መጣች። ሕመሟ ወደ ኩላሊት የወጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ታክማ ዳነች፤ ልጇንም በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ የተሳሳተ በሽታ ስም ሰጥቻት እንደነበር አልረሳሁም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ስሕተት ነው። ዓላማው መመርመሪያውን ማጥላላትም ሆነ ማወደስ አይደለም። ያቺ መስመር የምትናገረው ስለ በሽታው በጥቅሉ ሳይሆን ስለ አንድ የተወሰነ ሞለኪውል፣ ይኸውም በትሉ ፕሮቲን ላይ ስለተተከለ የስኳር ሰንሰለት ነው። በመሆኑም ስኳሩን ሳናውቅ ምርመራውን መቀበልም ሆነ መንቀፍ አንችልም የሚለውን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ለማቅረብ ነው።

በፕሮቲን ላይ የሚተከለው ስኳር

ስኳርና ፕሮቲን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነሡ አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ ነው። በዚያ ላይ ግሉኮስ ያለ ምንም ኢንዛይም፣ በደም ውስጥ በመብዛቱ ብቻ በሄሞግሎቢን ላይ ይለጠፋል። እዚህ የምናወራው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሴሎች በኢንዛይሞቻቸው አማካይነት ሆን ብለው በፕሮቲኖቻቸው ላይ የሚሠሩት፣ ቅርንጫፍና ቅደም ተከተል ያለው የስኳር ሰንሰለት አለ፤ ግላይካን ይባላል። በሴል ሽፋን ላይ የሚገኙና ወደ ውጭ የሚመነጩ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ይህን ለብሰው ይኖራሉ። የደም ዓይነታችንን ኤ ወይም ቢ የሚያሰኘው ልዩነት እንኳ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የምትገኝ የአንዲት ስኳር ልዩነት ነው። አንዲት ስኳር የተሳሳተ ደም በተሰጠው ሰው ላይ የምታስከትለውን አደጋ የምናውቅ ሁሉ፣ ግላይካን ጥቃቅን ጌጥ አለመሆኑን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም።

የቢልሃርዚያ ትልም በግላይካን እጅግ የበለጸገ ፍጡር ነው። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ሺስቶሶማ ማንሶኒ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ደም ይመገባል፤ የምግብ ቧንቧው መውጫ ስለሌለው ያልተፈጨውን ተረፈ ምግብ በየጊዜው በአፉ መልሶ ወደ ደማችን ይተፋል። በዚህ ትፋት ውስጥ ከትሉ የአንጀት ግድግዳ የተላቀቁ ሁለት ስኳር የበዛባቸው ግላይኮፕሮቲኖች አብረው ይወጣሉ። በኤሌክትሪክ መስክ ላይ በሚጓዙበት አቅጣጫ ተሰይመው አንደኛው ካቶዲክ፣ ሌላው አኖዲክ አንቲጅን ይባላሉ። ከደም ወደ ኩላሊት አልፈው በሽንት ይወጣሉ። ያ በእጃችን የነበረው ካሴት የሚይዘው ካቶዲኩን ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ነጥብ ግልጽ ነው። ካሴቱ እንቁላልን አይፈልግም፤ አንቲቦዲንም አይፈልግም። የሚፈልገው በሕይወት ያለ፣ ደም እየተመገበ ያለ ትል የተፋውን ስኳር ነው። አንቲቦዲ ሕክምና ከተሰጠ በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ሲችል፣ ይህ ስኳር ግን ትሎቹ ሲሞቱ በሳምንታት ውስጥ እየመነመነ ይጠፋል። ለልጁ እናት ያኔ ልመልስላት የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚያየውና የማያየው

የእነዚህ አንቲጅኖች ታሪክ በአብዛኛው በኔዘርላንድስ የተጻፈ ነው። በላይደን የነበሩ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኗቸው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከዩትሬክት የስኳር ኬሚስቶች ጋር በመተባበር የሁለቱንም የስኳር መዋቅር ይፋ አደረጉ። የካቶዲኩ ሰንሰለት ሉዊስ ኤክስ የሚባል ባለ ሦስት ስኳር ክፍል ደጋግሞ የያዘ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም ጋላክቶስ፣ ኤን-አሲታይል ግሉኮሳሚንና ፉኮስ ናቸው። የአኖዲኩ ሰንሰለት ደግሞ ኤን-አሲታይል ጋላክቶሳሚንና ግሉኩሮኒክ አሲድ እየተደጋገሙ የሚገኙበት ነው። የዚህ ሰንሰለት ወደ አኖድ መሳብም የሚገባን ግሉኩሮኒክ አሲድ አሉታዊ ሙሌት እንዳለው ስናስታውስ ነው።

እንዲህ ያለ መዋቅር እንዴት ይታወቃል? ስኳር እንደ ፕሮቲን በዘረ መል ላይ በቀጥታ የተጻፈ ቅደም ተከተል የለውም። ስለዚህ ሞለኪውሉን ራሱን መመዘን ያስፈልጋል፤ ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ የስኳር ሰንሰለቱ በኢንዛይም ወይም በኬሚካል ከፕሮቲኑ ይላቀቃል። ከዚያም በሌዘር ምት ወይም በረቂቅ ርጭት ወደ አየር እንዲነሣና ኤሌክትሪካዊ ሙሌት እንዲኖረው ይደረጋል። በአንደኛው ዓይነት መሣሪያ ሁሉም እኩል ጉልበት ተሰጥቶአቸው በባዶ ቱቦ ውስጥ ይሮጣሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከደረሱበት ጊዜ ክብደታቸው ይሰላል።

ቀሪው ሥራ መደመርና መቀነስ ነው ማለት ይቻላል። በሰንሰለት ውስጥ የገባ ጋላክቶስ 162፣ ኤን-አሲታይል ግሉኮሳሚን 203፣ ፉኮስ 146 ይመዝናል። የሦስቱ ድምር 511 ነው። ስለዚህ በውጤቱ ወረቀት ላይ በ511 እየጨመሩ እንደ መሰላል የሚወጡ ጫፎች ከታዩ፣ የሉዊስ ኤክስ ዓይነት ባለ ሦስት ስኳር ክፍል መደጋገሙን ይጠቁማሉ። ለአኖዲኩ የመሰላሉ ደረጃ 203 እና 176 ተደምረው 379 ይሆናል። በዚህ ዘዴ የላይደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ፣ ትሉ ከእንቁላል አንሥቶ እስከ ሙሉ አካል ድረስ በሚያልፍባቸው ደረጃዎች የሚለብሳቸውን ግላይካኖች አንድ በአንድ ዘርዝረው አሳይተዋል። ትሉ በየደረጃው ልብሱን የሚቀያይር መሆኑ፣ አንዳንዱ ስኳር በእንቁላልና በሰርካሪያ ላይ ሲበዛ ሌላው በአዋቂው ትል አንጀት ላይ እንደሚጎላ ከዚያ ሥራ ተምረናል።

ይሁን እንጂ ሂስ የሚጠይቀው ነጥብም እዚሁ ላይ ነው። ሚዛኑ ክብደትን እንጂ ማንነትን አያይም። ጋላክቶስ፣ ግሉኮስና ማኖስ ሦስቱም 162 ናቸው። ሉዊስ ኤክስና ሉዊስ ኤ የሚባሉት ሁለት ክፍሎች አንድ ዓይነት ስኳሮችን በአንድ ዓይነት ብዛት ይዘው በተለያየ ቦታ የተያያዙ ስለሆኑ በሚዛኑ ላይ አንድ ናቸው። ለመለየት ሰንሰለቱን ሰባብሮ ስብርባሪውን እንደገና መመዘን፣ የተወሰነ ትስስርን ብቻ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን መጠቀም፣ ወይም እንደ ኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ያለ ሌላ ዘዴ መጨመር ግድ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ላይ ካሉት ውድ መሣሪያዎች አንዱ እንኳ ብቻውን «ይህ ነው» ብሎ አይፈርድም። እኛ ግን ሃያ ደቂቃ በሚፈጅ ካሴት ላይ በወጣች አንዲት ፈዛዛ መስመር እንፈርዳለን።

ሁለተኛውና ለሐኪም ይበልጥ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ሉዊስ ኤክስ የትሉ ብቻ ንብረት አለመሆኑ ነው። ይኸው ባለ ሦስት ስኳር ክፍል በራሳችን ነጭ የደም ሴሎች፣ በተለይም በግራኑሎሳይቶች ላይ ይገኛል፤ የሉኪሚያ ምርመራ የሚያውቁ ባልደረቦቻችን ሲዲ15 የሚሉት ይህንኑ ነው። በእናት ጡት ወተት ስኳሮች ውስጥም አለ። ትሉ የሚለየው ይህን ክፍል እጅግ ደጋግሞ በአንድ ሰንሰለት ላይ በመደርደሩ ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ የሚመረጠውም ተደጋጋሚውን እንዲይዝ ነው። ነገር ግን የአንቲቦዲ ምርጫ የደረጃ ጉዳይ እንጂ የአዎንና የአይ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የላይደን ጥናት፣ ቢልሃርዚያ በሌለበት አገር የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በዚህ ካሴት ሲመረመሩ በሐሰት «አለ» የሚል ውጤት ሊያሳዩ እንደሚችሉ አስገንዝቧል። የአኖዲኩ ስኳር በአንጻሩ በሰው አካል ውስጥ አቻ ያልተገኘለት ነው። ይሁንና እርሱን የሚለካው ምርመራ ልዩ አንባቢ መሣሪያና የተሟላ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

ካቶ-ካትዝና ካሴቱ፦ አለቦታው የተደረገ ንጽጽር

ስለ ሽንት ካሴቱ የተጻፉትን ሥራዎች ስናነብ ሁለት ዓይነት አስተያየት እናገኛለን። አንደኛው፣ «ከካቶ-ካትዝ የበለጠ ስለሚያገኝ የተሻለ ነው» ይላል። ሌላው፣ «በካቶ-ካትዝ ያልተገኘን ስለሚያገኝ ሐሰተኛ ውጤት ያበዛል» ይላል። ሁለቱም በአንድ መረጃ ላይ ቆመው ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመውና ካሜሩንን፣ ኮትዲቯርን፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ያካተተው የአምስት አገሮች ግምገማ ለካሴቱ ተቀባይነት ትልቅ በር ከፍቷል። አገራችን በዚህ ሥራ ውስጥ መገኘቷ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በዚያም ሆነ በተከታዮቹ ሥራዎች ላይ ያለው መሠረታዊ ችግር፣ ካቶ-ካትዝ ራሱ ፍጹም መለኪያ አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት እንየው። የካቶ-ካትዝ ወንፊት ሰሌዳ በአንድ ስላይድ ላይ የሚያኖረው 41.7 ሚሊ ግራም ዓይነ ምድር ነው፤ ይኸውም የአንድ ግራም ሃያ አራተኛ ነው። የሺስቶሶማ ማንሶኒ ሴት ትል በቀን እስከ 300 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም ብዙው በጉበትና በአንጀት ግድግዳ ተይዞ ይቀራል። ግማሹ፣ ማለትም 150 እንቁላል ወደ ውጭ ወጣ እንበል። የቀኑ ዓይነ ምድር 150 ግራም ቢሆን በአንድ ግራም አንድ እንቁላል ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ጥንድ ትል ብቻ ያለበትን ልጅ እንቁላል ለማየት በአማካይ 24 ስላይድ ማየት ያስፈልጋል። አምስት ጥንድ ትል ቢኖሩት እንኳ፣ ሦስት ስላይድ ታይቶ ሦስቱም ባዶ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። እንቁላሎቹ በዓይነ ምድሩ ውስጥ እኩል አለመሠራጨታቸው ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የወንጂው ልጅ ሦስት ባዶ ስላይዶች፣ በሽታው እንደሌለበት ማስረጃ አልነበሩም።

እንግዲህ ካሴቱን «የተሻለ ካቶ-ካትዝ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ የሚለካው ሌላ ነገር ነውና። ካቶ-ካትዝ የሚቆጥረው የበሽታውን ጉዳት የሚያመጣውን፣ ማለትም እንቁላልን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢልሃርዚያን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ለማስወገድ ያስቀመጠው ግብ የቆመውም በእንቁላል ብዛት ላይ ነው። በግራም 400ና ከዚያ በላይ እንቁላል የሚገኝባቸው ሰዎች ከመቶ ከአንድ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ካሴቱ ደግሞ የትሉን በሕይወት መኖር ይጠቁማል። ጥያቄያችን «በዚህ ቀበሌ ብዙ ጉዳት አለ ወይ?» ከሆነ እንቁላሉን እንቁጠር። «በዚህ ልጅ ደም ሥር ውስጥ ትል አለ ወይ?» ከሆነ ስኳሩን እንፈልግ። ሂሳችን መነሣት ያለበት ከጥያቄው ነው።

በካሴቱ ላይ ሊነሡ የሚገባቸው ትክክለኛ ትችቶች ግን አሉ። አንደኛ፣ ፈዛዛዋን መስመር «አለ» ወይስ «የለም» እንበላት የሚለው ጥያቄ በግልጽ ሳይፈታ ምርመራው በሰፊው ሥራ ላይ ውሏል። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ካሴት ተመልክተው የተለያየ ውጤት መመዝገባቸው የተለመደ ነው። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1 እስከ 10 ደረጃ የተሰጣቸው ማነጻጸሪያ ካሴቶች ቀርበዋል። በዚህ ማነጻጸር ከግምት ይሻላል፤ የመስመሯን ምንጭ ግን አይነግረንም። ሁለተኛ፣ ከአንድ የምርት ዙር ወደ ሌላው የካሴቶቹ ንቃት እንደሚለያይ በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቧል። ሦስተኛ፣ ምዘናዎቹ በአመዛኙ በተማሪ ልጆች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ከተማሪ ልጅ የተገኘን እውቀት ወደ ነፍሰ ጡር እናት መውሰድ እኔ ራሴ የፈጸምኩት ስሕተት ነው።

ከወንጂ ወደ ታች፦ በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት በሽታ

እኛ በአዋሽ ሸለቆ የምንሠራ ባለሙያዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልገን ምክንያት አለ። የአምስተርዳም የንግድ ማኅበር በሆነው ኤች.ቪ.ኤ. አማካይነት የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ። ከአዋሽ የተጠለፈው የመስኖ ውሃ ለሸንኮራ አገዳው ሕይወት ሲሰጥ፣ ለባዮምፋላሪያ ቀንድ አውጣም ረጋ ያለና ሣር የበዛበት መኖሪያ ፈጠረለት። የአንጀት ቢልሃርዚያ በወንጂ የሠራተኛ መንደሮች ልጆች ላይ በጥናት የተረጋገጠ የቆየ ችግር ነው። መተሐራም ሆነ የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ከዚህ ስጋት ነፃ አይደሉም። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ያስቆፈረው ቦይ ላይ የተዛመተውን ትል፣ ሌሎች የኔዘርላንድስ ሰዎች በላቦራቶሪ ስኳሩን ለይተው መመርመሪያ እንዲሠራለት ማድረጋቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ነገር ግን ወንዙን ተከትለን ከመተሐራ አልፈን ወደ አፋር ስንወርድ በሽታው ይለወጣል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጋማ ስፍራዎች ቡሊነስ የሚባለው ሌላ ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈው የሽንት ቱቦ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ይገኛል። ይህም ትል ካቶዲኩን አንቲጅን ያመነጫል፤ ሆኖም ግን ካሴቱ እርሱን የማግኘት አቅሙ ደካማ ነው። የሥራ ፍለጋ እንቅስቃሴ በበዛበት በዚህ ሸለቆ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ወንጂም መተሐራም አሚባራም ሊሠራ ይችላል። ሽንቱ ደም እየቀላቀለ በካሴቱ «የለም» ቢባል፣ መልሱ ስለ ሺስቶሶማ ማንሶኒ እንጂ ስለ ቢልሃርዚያ በጠቅላላው አይደለም። ሽንቱ ተጣርቶ እንቁላል ሊፈለግበት ይገባል። የሽንት ምርመራ መሆኑ ብቻ ለሽንት ቱቦ ቢልሃርዚያ የተሠራ እንዳያስመስለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ታካሚዎች እንደገና

አሁን ወደ ሁለቱ ፈዛዛ መስመሮች እንመለስ። ልጁ የሚኖረው በሽታው በሚተላለፍበት መንደር ነው። ከቦዩ ውሃ ጋር በየቀኑ ይገናኛል። ዕድሜው በሽታው ጎልቶ በሚታይበት ክልል ውስጥ ነው። ሦስት ስላይዶች ባዶ መሆናቸው ብዙ እንደማይመሰክር አስልተናል። በእርሱ ላይ የታየችው ፈዛዛ መስመር ከዚህ ሁሉ ጋር ስትደመር ክብደት አላት። ለደሙ ሌሎች ምክንያቶችን፣ በተለይ አሜባን ፈልጎ፣ በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል መስጠት ተገቢ ነበር፤ ሰጠነውም። በተባለው ቀን ሲመለስ ደሙ ቆሞ ነበር።

የነፍሰ ጡሯ ታሪክ ግን በሁሉም አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ውሃ የነካችው በሶደሬ መዋኛ ሲሆን፣ ባዮምፋላሪያ ደግሞ ረጋ ባለ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ እንጂ ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውሃ አይራባም። ከአዋሽ ውሃ ጋር ተገናኝታ ነበር ብንል እንኳ፣ ከተጋለጠች አሥር ቀን ብቻ ነበር። ትሉ በቆዳ ገብቶ፣ በሳንባና በጉበት አልፎ፣ አድጎ እንቁላል ለመጣል ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ይወስድበታል። በአሥረኛው ቀን በካሴት የሚታይ ስኳር የሚተፋ አዋቂ ትል ሊኖር አይችልም። በአንጻሩ እርግዝናው ራሱ የሐሰት መስመር ሊያወጣ የሚችል ሁኔታ ነበር። ሽንቷ ውስጥ የበዙት ነጭ የደም ሴሎችም ሉዊስ ኤክስን በገጻቸው የተሸከሙ መሆናቸው ቢያንስ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ሽንቷን በአጉሊ መነጽር ማየትና ለባክቴሪያ ማከም ነበር። ይህን ያላደረግሁት ካሴቱ ስላሳሳተኝ አይደለም። መስመሯ ከምን እንደተሠራች ጠይቄ ስለማላውቅ ነው።

ማንም ሐኪም፣ «ለማንኛውም መድኃኒቱ ይሰጣት፤ ምን ይጎዳታል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ፕራዚኳንቴል ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ ይመክራል። ጉዳቱ ያለው መድኃኒቱ ላይ አይደለም። የተሳሳተ ስም ትክክለኛውን ፍለጋ ያቆማል። ቤተሰቡም ሶደሬን በሽታ የሚያስይዝ ስፍራ አድርጎ ሲያወራ፣ እውነተኛው አደጋ ያለበት የመስኖ ቦይ ይዘነጋል።

በሥራ ላይ ምን እናድርግ?

ማስ ስፔክትሮሜትር በየጤና ጣቢያችን እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው መሣሪያው ያስተማረውን እውቀት ወደ ታካሚው አልጋ ማምጣት ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1ኛ. የካሴቱ ውጤት ሲመዘገብ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ሳይሆን የመስመሯ ደረጃና የምርት ዙሩ ቁጥር አብረው ይጻፉ። ውጤቱ በተባለው ሃያ ደቂቃ ይነበብ፤ ቆይቶ የወጣ መስመር አይቆጠር።

2ኛ. ፈዛዛ መስመር በወንጂና መሰል መንደሮች ባለ ተማሪ ልጅ ላይ እንደ ጠንካራ ጥርጣሬ ይወሰድ። በነፍሰ ጡር፣ በሕፃንና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ላይ ግን ብቻዋን ለፍርድ አትብቃ።

3ኛ. ሽንቱ ደም ለሚቀላቅልና ወደ መካከለኛው አዋሽ ለተጓዘ ሰው ካሴቱ የሽንት ማጣሪያ ምርመራን አይተካ።

4ኛ. የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ስርጭቱ ከመቶ 10ና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሁሉ በየዓመቱ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። ስርጭቱ በእንቁላል ተለክቶ 8፣ በስኳር ተለክቶ 20 ቢሆን ቀበሌው ይታከም ወይስ አይታከም? ይህ የላቦራቶሪ ክርክር ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሕፃናት መድኃኒት በእርሱ ላይ ይወሰናል። ስለዚህ የጥናት ሪፖርቶች በየትኛው ዘዴ እንደተለካና ፈዛዛ መስመሮችን እንዴት እንደቆጠሩ በግልጽ ሊያስቀምጡ ይገባል።

5ኛ. የነፍሰ ጡሮች ጥያቄ በእኛው አገር መጠናት አለበት። በሽታው በሌለበት ከፍተኛ ቦታና በሽታው ባለበት ሸለቆ የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችን ሽንት ማነጻጸር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ናሙናው በሚገባ ከቀዘቀዘና ከተመዘገበ፣ የስኳሩን ማንነት ለመለየት መሣሪያው ካላቸው ጋር በእኩልነት መሥራት ይቻላል።

ማጠቃለያ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ባዩ ጊዜ በእጃቸው የነበረው የተመልካች ዓይን ነበር። የእንዶዱ ገዳይ ንጥረ ነገር ሳፖኒን፣ ማለትም የስኳር ሰንሰለት የተተከለበት ሞለኪውል መሆኑ በኬሚስቶች የታወቀው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። ጥያቄው ከወንዝ ዳር ተነሣ፤ ኬሚስትሪው ተከተለ። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ኬሚስትሪው ተሠርቶ፣ በካሴት ታሽጎ ወደ ወንዛችን ዳር መጥቷል። ጥያቄው ግን አሁንም የእኛ ነው። ያቺ ፈዛዛ መስመር በወንጂው ልጅ ላይ ምን ማለት እንደሆነች፣ ከሶደሬ በተመለሰችው እናት ላይ ምን ማለት እንዳልሆነች ሊለይ የሚችለው የሚኖሩበትን ውሃ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ይህን ሥራ ሌላ ሰው እንዲሠራልን ብንጠብቅ፣ እኔ ያባከንኳቸውን ዓይነት አራት ቀናት ሌሎች እናቶችም ይከፍሏቸዋል።